«ሲወጣ ሰማሁት» ወይስ «መውጣቱን ሰማሁ»? የማየትና የመስማት ግሦች በስፓኒሽ

ዋሽንግተን አካባቢ በአንድ ምግብ ቤት ሳህን አጥብ በነበርኩበት ጊዜ ስፓኒሽ ያስተማረችኝ ከጎኔ ሽንኩርት ትከትፍ የነበረች የኤል ሳልቫዶር ሴት ናት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዱ አስተናጋጅ ብቅ ብሎ ኃላፊው ወደ ቤቱ እንደሄደ ሹክ አለኝ። እኔም ወሬውን ላካፍላት ብዬ «ኃላፊው መውጣቱን ሰማሁ» የሚለውን አማርኛዬን ቃል በቃል ገለበጥኩት፦ «ኦኢ ሳሊር አል ኼፌ»። ቢላዋዋን አስቀምጣ ወደ ኋላ በር ዞር አለች። «ኬ ኦኢስቴ?» አለችኝ። ምን ሰማህ? በሩን ነው? የመኪናውን ድምፅ ነው?

መልስ አጣሁ። በሩንም መኪናውንም አልሰማሁም፤ የሰማሁት ወሬ ነው። እሷ ግን የጠየቀችው ትክክለኛውን ጥያቄ ነበር። ከአፌ የወጣው ስፓኒሽ «ኃላፊው ሲወጣ በጆሮዬ ሰማሁት» የሚል ነበርና። ቃላቱ ሁሉ ትክክል ነበሩ፤ አንድም የሰዋስው ሕግ አልተጣሰም። ቢጣስ ኖሮ ታርመኝ ነበር። ሕግ ሳይጥስ ሌላ ነገር የሚናገር ዓረፍተ ነገር ግን የሚያርመው ሰው አያገኝም፤ ለዚህም ነው አማርኛ ተናጋሪዎች በዚህ ቦታ ለዓመታት ሳይታወቀን የምንሳሳተው።

ከዚህ በታች የስፓኒሽ ቃላቱን በላቲን አሜሪካ አነባበብ በፊደላችን አስቀምጣቸዋለሁ። «ማየት» የሚለው ግሥ «ቤር» ነው፤ ስፓኒሾች በ«ቪ» ይጽፉታል እንጂ በ«በ» ነው የሚያነቡት። «አየሁ» ደግሞ «ቢ» ይባላል። «መስማት» «ኦኢር» ሲሆን «ሰማሁ» «ኦኢ» ነው።

ለመሆኑ ንዑስ አንቀጽ ምንድን ነው?

መሄድ፣ መብላት፣ መዝፈን። በ«መ» የሚጀምረውን ይህን የግሥ መልክ የሰዋስው መምህራኖቻችን ንዑስ አንቀጽ ይሉታል። ድርጊቱን ይጠራል እንጂ ማን እንደፈጸመው፣ መቼ እንደተፈጸመ አይናገርም። ስፓኒሽም አለው፤ የሱ ምልክት ግን ከቃሉ ፊት ሳይሆን ከመጨረሻው ላይ ነው። በ«አር»፣ በ«ኤር» ወይም በ«ኢር» ያልቃል፦ ካንታር (መዝፈን)፣ ኮሜር (መብላት)፣ ሳሊር (መውጣት)።

ንዑስ አንቀጽን እንደ ጋቢ አስቡት። «ወጣች»፣ «ወጡ»፣ «ወጣሁ» የሚሉት ግሦች በልክ የተሰፉ ልብሶች ናቸው፤ ባየናቸው ጊዜ የማን እንደሆኑ እናውቃለን። ጋቢ ግን ማንም ይደርበዋል። የማን እንደሆነ የምናውቀው የደረበውን ሰው ስናይ ነው። በስፓኒሽ የማየትና የመስማት ግሦች ዘንድ ጋቢውን የሚደርበው የታየው ወይም የተሰማው ሰው ነው።

«ቢ ሳሊር አ ኹዋን» ምን ይላል?

ቃል በቃል «አየሁ - መውጣት - ኹዋንን» ይላል። «አ» የምትለው ትንሽ ቃል ተሳቢው ሰው ሲሆን ከስሙ ፊት የምትገባ ናት፤ «ኹዋንን» ከሚለው «ን» ጋር ትቀራረባለች። ትርጉሙ «ኹዋን ሲወጣ አየሁት» ነው።

ጉዳዩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት። በስፓኒሹ ውስጥ ያለው ንዑስ አንቀጽ ነው፣ ሳሊር። በአማርኛው ውስጥ ግን ንዑስ አንቀጽ የለም፤ ያለው «ሲወጣ» ነው። የእኛ ንዑስ አንቀጽ ከማየትና ከመስማት ጋር ሲገጥም «መውጣቱን አየሁ»፣ «መውጣቱን ሰማሁ» ይሆናል፤ ይህም ወደ ሌላ ትርጉም ይወስደናል። «መውጣቱን ሰማሁ» ያለ ሰው ነገሩን የሰማው ከሌላ ሰው አፍ ሊሆን ይችላል፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ የምንረዳው እንደዚያ ነው። «መሞቱን ሰማሁ» ሲባል መርዶ ነው እንጂ አልጋው አጠገብ ቆሜ ነበር ማለት አይደለም።

በሁለቱ ቋንቋዎች ስሙ አንድ የሆነው የግሥ መልክ ተቃራኒ ሥራ ይሠራል ማለት ነው። የስፓኒሽ ንዑስ አንቀጽ «ነበርኩ፣ በዓይኔ በብረቱ አየሁት» ይላል። የአማርኛው «ነገሩ መሆኑን አውቃለሁ» ይላል። መዝገበ ቃላት ሳሊርን «መውጣት» ብሎ ስለተረጎመልን ሁሌም እኩል ይመስሉናል፤ እዚህ ቦታ ላይ ግን የሳሊር አቻ «ሲወጣ» ነው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዞ የሚሄድ አንባቢ ቢኖር ይህችን ቢይዝልኝ ደስ ይለኛል።

ነገሩን በዓይኔ ሳላየው ካወቅኩትስ?

ያኔ ስፓኒሽ «ኬ» የምትል ማያያዣ ያመጣል፤ ከእኛ «እንደ» ጋር ትመሳሰላለች። ከኋላዋ የሚመጣው ግሥ ጋቢነቱ ይቀርና በልክ የተሰፋ ይሆናል። «ቢ ኬ ኹዋን አቢያ ሳሊዶ»፦ ኹዋን እንደወጣ አየሁ።

አንድ ቢሮ አስቡ። ስትገቡ የኹዋን ወንበር ባዶ ነው። ኮቱ ከመስቀያው ላይ የለም። ኮምፒውተሩ ጠፍቷል፣ የቡና ስኒው ታጥቦ ተደፍቷል። እዚህ ቆማችሁ «ቢ ኬ ኹዋን አቢያ ሳሊዶ» ልትሉ ትችላላችሁ፤ ካያችሁት ምልክት ተነስታችሁ መውጣቱን ተረድታችኋልና። «ቢ ሳሊር አ ኹዋን» ማለት ግን አትችሉም። ሰውየው በበሩ ሲያልፍ አላያችሁትም።

ኳስ ጨዋታም ላይ እንዲሁ ነው። አንዱ ስታዲየም ገብቶ ኳሷ መረቡን ስትነካ አይቷል። ሌላው ማታ በዜና ውጤቱን ሰምቷል። ሁለቱም ጎል መቆጠሩን ያውቃሉ፤ ጎሉ ሲቆጠር ያየው ግን አንዱ ብቻ ነው። ንዑስ አንቀጹ የስታዲየሙ ሰው ነው፣ «ኬ» የዜናው ሰው። «ኬ» በዓይን ያዩትንም ነገር ልትናገር እንደምትችል ግን አትርሱ፤ «ቢ ኬ ኹዋን ሳሊያ» ያለ ሰው በሩ ላይ ቆሞ አይቶ ሊሆን ይችላል። ወደዚያኛው አቅጣጫ ነው መንገዱ የተዘጋው፦ ያላዩትን በንዑስ አንቀጽ መናገር አይቻልም።

የወሬ ነገር ሲሆን ስፓኒሽ ሌላም የተለመደ አነጋገር አለው፦ «ኤ ኦኢዶ ዴሲር ኬ...»። «ዴሲር» ማለት «ማለት» ነውና ቃል በቃል «ማለት ሰምቻለሁ» ይላል። አማርኛው እንዴት እንደሚለው ተመልከቱ፦ «ሲባል ሰምቻለሁ»። እዚህም ንዑስ አንቀጹ በ«ሲ» ተፈታ። በጆሮዬ የሰማሁት የሰዎችን ንግግር ነው፤ ሰዎቹ የተናገሩለትን ነገር አላየሁትም።

ባለቤቱ ካልተጠቀሰ ምን ይሆናል?

«ሲባል» የሚለውን ልብ ካላችሁ አማርኛ ግሡን ወደ ተደራጊ ቀይሮታል፤ «ሲል» አላልንም። የሚለው ሰው ስላልታወቀ ነው። ስፓኒሽ ይህን ለውጥ አያስፈልገውም። ጋቢው ማንም ባይደርበውም መስቀያው ላይ እንዳለ ይቀመጣል።

«ኦኢ ያማር አ ላ ፑዌርታ» ማለት «በር ሲንኳኳ ሰማሁ» ነው። «ያማር» መጥራት ወይም ማንኳኳት ሲሆን «ፑዌርታ» በር ነው። ማን እንዳንኳኳ አይታወቅም፤ ስፓኒሹም አይጨነቅበትም። «ቢ ኮንስትሩኢር ላ ካሳ»፦ ቤቱ ሲሠራ አየሁ። «ኤ ኦኢዶ አብላር ዴ ቲ»፦ ስለ አንተ ሲወራ ሰምቻለሁ። ሲንኳኳ፣ ሲሠራ፣ ሲወራ፤ እኛ ሦስቱንም ተደራጊ አደረግናቸው። ስፓኒሹ በሦስቱም ያው ንዑስ አንቀጽ ነው።

ይህ ቁጠባ የሚያስከፍለው ዋጋ አለ። «ኦኢ ያማር አ ኹዋን» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሁለት ትርጉም አለው። ወይ ኹዋን ራሱ ሰው እየጠራ ነው፣ ወይ ሌላ ሰው ኹዋንን እየጠራው ነው። ስፓኒሽ ተናጋሪ ከወሬው አካሄድ ካልሆነ በቀር ሁለቱን አይለይም። በአማርኛ ግን ልዩነቱ በአንዲት ፊደል ቅርፅ ላይ ያለ ነው፦ «ኹዋን ሲጣራ ሰማሁ» እና «ኹዋን ሲጠራ ሰማሁ»። ስተረጉም እዚህ ላይ ሁልጊዜ ቆም እላለሁ፤ አማርኛው መምረጥ ያስገድደኛል፣ ስፓኒሹ ግን ምርጫውን አልነገረኝም።

«በሩ ሲከፈት አየሁ» በስፓኒሽ ስንት ነው?

አሁን ደግሞ በተራው ስፓኒሽ የሚለየውን አማርኛ አንድ ላይ የሚያስቀምጥበትን እንይ። ማታ ሳሎን ተቀምጣችኋል። በሩ ቀስ ብሎ ይከፈታል። «በሩ ሲከፈት አየሁ» ትላላችሁ። ነፋስ ከፈተው? ሰው ከፈተው? አማርኛው አልተናገረም፤ «ተከፈተ» ለሁለቱም ይሆናልና።

ስፓኒሽ ሁለት መንገድ አለው። «ቢ አብሪር ላ ፑዌርታ» ካላችሁ የሚከፍት ሰው አለ፤ ማን እንደሆነ አልተናገራችሁም እንጂ እጅ እንዳለበት ተናግራችኋል። «ቢ አብሪርሴ ላ ፑዌርታ» ካላችሁ ግን በሩ ራሱ ነው የተከፈተው፤ ከጀርባው ሰው ይኑር አይኑር አላወራችሁም። ልዩነቱን የምታመጣው ከንዑስ አንቀጹ ጭራ ላይ የተለጠፈችው «ሴ» ናት።

ሦስተኛም አለ። ከሥራ ስትመለሱ በሩ ወለል ብሏል። ሲከፈት አላያችሁም፤ ያያችሁት ውጤቱን ነው። «ቢ ላ ፑዌርታ አቢዬርታ» ትላላችሁ፣ እኛም «በሩን ተከፍቶ አየሁት» እንላለን። እዚህ ጋ የእኛ ቦዝ አንቀጽ («ተከፍቶ») ከስፓኒሹ ቅጽላዊ ቃል («አቢዬርታ») ጋር ይገጥማል። «ሰክሮ አየሁት»፣ «ደክሟት አየኋት» የምንላቸውን ሁሉ ስፓኒሽ በዚህ መንገድ ይላቸዋል እንጂ በንዑስ አንቀጽ አይላቸውም።

ሳሊር ነው ወይስ ሳሊዬንዶ?

ስፓኒሽ የጀመረ ሰው ቶሎ ከሚለምዳቸው መልኮች አንዱ በ«ንዶ» የሚያልቀው ነው፦ ሳሊዬንዶ፣ ካንታንዶ፣ ኮሚዬንዶ። አቻው የእኛ «እየ» ነው፦ እየወጣ፣ እየዘፈነ፣ እየበላ። አንዳንድ የመማሪያ ወረቀቶች ቦዝ አንቀጽ ብለው ይተረጉሙታል፤ ይህ ግን ያሳስታል። «በልቶ» ያለቀ ነገር ነው፣ «ኮሚዬንዶ» ግን ገና በጉርሻ ላይ ነው።

ሁለቱም ከማየት ግሥ ጋር ይሄዳሉ። «ላ ቢ ክሩሳር ላ ካዬ» እና «ላ ቢ ክሩሳንዶ ላ ካዬ»፤ መንገድ ስለምትሻገር ሴት ነው። በመጀመሪያው አብዛኛው አድማጭ የሚስለው ሙሉውን ነገር ነው፦ ከዚህኛው ጠርዝ ተነሳች፣ አስፋልቱን አቋረጠች፣ ከዚያኛው ወጣች። በሁለተኛው ያያችኋት መሃል መንገድ ላይ ነው። መድረሷን አልተናገራችሁም፤ ምናልባት መኪና መጥቶ ወደ ኋላ ተመልሳለች። የመጀመሪያው እንደ ቪዲዮ ነው፣ ሁለተኛው እንደ ፎቶግራፍ። እኛም «ስትሻገር አየኋት» እና «እየተሻገረች አየኋት» ስንል የሚቀራረብ ልዩነት ይሰማናል። በሁለቱም ቋንቋ ግን ድንበሩ እንደ አጥር የጠበቀ አይደለም። ዋናው ግሥ ራሱ የሚቀጥል ድርጊት ሲሆን፣ ለምሳሌ «ላ ቤያ ክሩሳር» (ስትሻገር እያየኋት ነበር) ሲባል፣ የሙሉነቱ ስሜት ይላላል።

በ«ንዶ» ላይ ሌላም መጠንቀቅ አለ። «ቢ አ ኹዋን ሳሊዬንዶ ዴል ባንኮ»። ከባንክ የሚወጣው ማን ነው? ብዙ ጊዜ ኹዋን ነው፤ ነገር ግን «እኔ ከባንክ ስወጣ ኹዋንን አየሁት» ተብሎም ሊነበብ ይችላል። «ሳሊዬንዶ» እንደ ንዑስ አንቀጹ ባለቤቱን አይናገርም። አማርኛ «ስወጣ» ወይም «ሲወጣ» በማለት አንድ ፊደል ለውጦ ነገሩን ይጨርሰዋል። «ቢ አ ኹዋን ሳሊር ዴል ባንኮ» ካልን ግን ጥርጣሬ የለም፤ ጋቢውን የሚደርበው የታየው ሰው ብቻ ነው።

እሱን፣ እሷን፣ እነሱን የሚሉትስ የት ይገባሉ?

እዚህ አማርኛ ይረዳናል። «ሲወጣ አየሁት» ስንል ኹዋንን የምታመለክተው «ት» የተለጠፈችው «አየሁ» ላይ ነው። ስፓኒሽም እንዲሁ ያደርጋል፦ «ሎ ቢ ሳሊር»። «ሎ» (እሱን) የምትቆመው ከ«ቢ» ፊት ነው። «ቢ ሳሊርሎ» የሚል ጀማሪ ሰምቻለሁ፤ የታየውን ሰው ከንዑስ አንቀጹ ጋር መለጠፍ ስህተት ነው። ሴት ስትሆን «ላ ኦኢ ካንታር» ይሆናል፣ ስትዘፍን ሰማኋት።

ንዑስ አንቀጹ የራሱ ተሳቢ ሲኖረው ትንሽ ይወሳሰባል። «ይህን ሲል ሰማሁት» ለማለት «ሴ ሎ ኦኢ ዴሲር» ይባላል፤ ሁለቱም ተውላጠ ስሞች ወደ ዋናው ግሥ ተሰብስበው «ሴ» ሰውየውን፣ «ሎ» ነገሩን ይይዛሉ። «ሌ ኦኢ ዴሲር ኬ...» (እንዲህ ሲል ሰማሁት) የሚለውም በየቀኑ የሚሰማ ነው። በዚህ ቦታ «ሎ» የሚልም «ሌ» የሚልም አገር አለና አንዱን ስትሰሙ ሌላውን ስህተት ነው አትበሉ።

የቃላቱ ቅደም ተከተልም የራሱ ልማድ አለው። ንዑስ አንቀጹ ብቻውን ሲሆን ወደ ፊት ይቀድማል፦ «ቢ ሳሊር አ ኹዋን»። የራሱን ተሳቢ አስከትሎ ሲረዝም ግን ሰውየውን ቀድሞ መጥራት ይሻላል፦ «ቢ አ ኹዋን አብሪር ላ ፑዌርታ»፣ ኹዋን በሩን ሲከፍት አየሁት። «ቢ አብሪር ላ ፑዌርታ አ ኹዋን» ብትሉ ሰሚው «ለኹዋን በር ሲከፈትለት አየሁ» ብሎ ሊረዳችሁ ይችላል።

በንዑስ አንቀጽ ማለት የማይቻል ነገር አለ?

አለ፤ ምክንያቱም ደግሞ ግልጽ ነው። ዓይንና ጆሮ የሚይዙት የሚከሰት ነገርን ነው። ቁመት አይከሰትም፣ እውቀት አይከሰትም፤ ያሉ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ «ኹዋን ረጅም መሆኑን አየሁ» ለማለት «ቢ ኬ ኹዋን ኤራ አልቶ» ይባላል እንጂ «መሆን» በንዑስ አንቀጹ አይገባም። በአማርኛም «ረጅም ሲሆን አየሁት» ብትሉ ሰውየው ዓይናችሁ እያየ የረዘመ ይመስላል።

ያልሆነ ነገርም እንዲሁ ነው። «አለመውጣቱን አየሁ» ለማለት «ቢ ኬ ኖ ሳሊዮ» ነው፤ አለመውጣት ዓይን ላይ የሚያርፍ ነገር ስላልሆነ። በአማርኛ «ሳይወጣ አየሁት» ብንል ትርጉሙ ዞሮ «ከመውጣቱ በፊት አገኘሁት» ይሆናል። ቀድሞ ያለቀውንም ነገር ንዑስ አንቀጹ አይቀበልም። የታየው ነገርና ማየቱ በአንድ ሰዓት መሆን አለባቸው። ትናንት የወጣን ሰው ዛሬ ሲወጣ ማየት አይቻልም።

የሚሠራው በማየትና በመስማት ብቻ ነው?

«ሴንቲር» ሦስተኛው ዋና ግሥ ነው። መሠረታዊ ትርጉሙ በሰውነት መሰማት ነው፦ «ሴንቲ ቴምብላር ላ ቲዬራ»፣ ምድር ስትንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ነገር ግን በብዙ አገር «ሴንቲር» ለመስማትም ያገለግላል። «ሴንቲ ዬጋር ኤል ካሮ» ያለ ሰው መኪናው ሲደርስ በጆሮው ሰምቶት ይሆናል። አማርኛም በሌላኛው አቅጣጫ ተመሳሳይ መንገድ መሄዱ ሁልጊዜ ይገርመኛል። የእኛ «ሰማ» ከጆሮ ተነስቶ ብርድ ይሰማዋል፣ ሕመም ይሰማዋል፣ ደስታም ይሰማዋል። ሁለት የማይዛመዱ ቋንቋዎች ጆሮንና ገላን በአንድ ግሥ አሰሩ።

«ሚራር» (መመልከት) እና «ኤስኩቻር» (ማዳመጥ) ደግሞ ሆን ብሎ ማየትና መስማት ናቸው፤ እነሱም ንዑስ አንቀጽ ያስከትላሉ። ከማዕከላዊ አሜሪካና ከሜክሲኮ ሰዎች ጋር የምትሠሩ ከሆነ «ሚራር»ን በ«ቤር» ቦታ ስትሰሙት አትደናገጡ። «ሎ ሚሬ ሳሊር» ሲሉ ተቀምጠው ተመለከቱት ማለት ላይሆን ይችላል፤ «ሲወጣ አየሁት» ማለታቸው ነው። ብዙዎቹም «ኤስኩቻር»ን በተራው «መስማት» ቦታ ይጠቀሙበታል።

ይህ አሠራር ከየት መጣ?

ከላቲን ነው የወረሱት። በላቲን ይህ አሠራር ከማየትና ከመስማት ጋር ብቻ ሳይሆን ከማለትና ከማሰብ ግሦች ጋርም ይሠራ ነበር፦ «እሱን መምጣት እላለሁ» እንደማለት። ስፓኒሽ እያደገ ሲመጣ ለማለትና ለማሰብ የሚሆነውን በአብዛኛው ለ«ኬ» ለቀቀ። ለዓይንና ለጆሮ ግን አስቀረው። እንግሊዝኛ የሚያውቅ አንባቢም ዘመዱን አይቶታል፤ «አይ ሶው ሂም ሊቭ» ከ«ሎ ቢ ሳሊር» ጋር አንድ ነው። እንግሊዝኛውን አሳምሮ የሚናገር ሐበሻ ስፓኒሽ ላይ ሲደርስ ወደ አማርኛው «መ» የሚመለስበትን ምክንያት ግን እስካሁን ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ይመስለኛል እንግሊዝኛው «ሊቭ» ከሌሎቹ መልኮች ስለማይለይ ንዑስ አንቀጽ መሆኑን ማንም አያስተውለውም፤ «ሳሊር» ግን «ኢር» ብላ ማንነቷን ታሳያለች፣ እኛም ወዲያው «መውጣት» እንላለን።

ለማን ነው የሚጠቅመው?

ስፓኒሽ ወደ 500 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው አፉን የፈታበት ቋንቋ ነው። ከእኛም ሰዎች መካከል በደንብ የሚናገሩት ጥቂት አይደሉም። ከ1969–70 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦርነት በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ኩባ ሄደው፣ ብዙዎቹም የወጣቶች ደሴት በተባለችው ስፍራ ተምረዋል። ዛሬ ደግሞ በአሜሪካ ከተሞች በኩሽና፣ በመኪና ማቆሚያ፣ በሆስፒታልና በግንባታ ቦታ አማርኛና ስፓኒሽ ጎን ለጎን ይውላሉ።

በእነዚህ ቦታዎች ሰው አንዳንዴ የሚጠየቀው ምን እንዳየ ነው። አንድ ዕቃ ጠፋ እንበል። ሠራተኛው በአማርኛ «ገንዘቡን መውሰዱን አይቻለሁ» ይላል። ይህ ዓረፍተ ነገር ሁለት በር አለው። ሰውየው እጁን መሳቢያ ውስጥ ሲከት አይቶት ይሆናል፤ ወይም መሳቢያውን ባዶ አይቶ ገምቶ ይሆናል። አስተርጓሚው «ሎ ቢ ቶማር ኤል ዲኔሮ» ካለ ተናጋሪውን የዓይን ምስክር አድርጎታል። «ቢ ኬ አቢያ ቶማዶ ኤል ዲኔሮ» ካለ ደግሞ በዓይኑ ያየውን ሰው የገመተ አስመስሎታል። ሁለቱም ስፓኒሽ ንጹሕ ነው፣ በሁለቱም የሚጎዳ ሰው አለ። ስለዚህ ጥሩ አስተርጓሚ እዚህ ላይ ፈቃድ ይጠይቅና ወደ ተናጋሪው ዞሮ በአማርኛ አንድ ጥያቄ ያቀርባል፦ «ይቅርታ፣ ሲወስድ ነው ያዩት ወይስ እንደወሰደ ነው ያወቁት?»